ቀዩ መስመር ለምን ወረደ

ማላኪ ጌራቲ ሲሞት ብዕሩ ጣቶቹ መሃል ነበር። የመጀመሪያው ምት ማጅራቱን ከኋላ አገኘው፤ ሁለተኛው ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር አላተመው። ሦስተኛው ለመግደል አያስፈልግም ነበር፤ ሰውዬው ሞቷል። ገዳዩ ግን በዚህም አልረካም። የሟቹን ራስ በፀጉሩ ይዞ አቃናና ፊቱን አንዴ ደገመው። መነጽሩ ከጉንጩ አጥንት ጋር አብሮ ደቀቀ።

ይህ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ቦታው በምዕራብ አየርላንድ ባሊክራን የምትባል የወደብ ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የኋላ ክፍል። ጌራቲ የአውራጃው የድጎማ ተቆጣጣሪ ነበር። ያለ ባል ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች በየሳምንቱ ሐሙስ ተራቸውን ጠብቀው ይገቡና ፊቱ ይቀመጣሉ። «ቤትሽ ወንድ ይመጣል? ባልሽ ከለንደን ጽፎልሽ ያውቃል? በርሽ ላይ የተሰቀለው ኮት የማነው?» ይላቸዋል። አንዷ ድጎማዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሌላዋ ተሰርዛ። በከተማው ውስጥ ሞቱን ያልተመኘ ቤት ማግኘት ይከብድ ነበር።

ሬሳውን ያገኘችው የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ኖሪን ላቬል ናት፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ። ጩኸቷ ዓሣ ገበያው ድረስ ተሰማ። ሰዓቱ ስድስት ሳይሞላ ሳጅን ኮልማን ጊልቫሪ ታይግ ሩዋን የተባለውን ዓሣ አጥማጅ ከጀልባው ላይ ጎትቶ አወረደው። ታይግ እጄን አልሰጥም ብሎ የአንዱን ፖሊስ ጥርስ አረገፈ፤ ሦስት ሆነው በዱላ እያጣደፉ ወሰዱት። እጁም ሱሪውም ደም ነበር። ደግሞ ባለፈው ሳምንት፣ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ የጌራቲን አፍንጫ በቡጢ ሰብሮታል።

ስለዚህ መርማሪ ደርቭላ ኩዊግሊ ከጎልዌይ ከተማ ተልካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ ሳጅኑ ሻይ አስፈልቶ ጠበቃት።

«አለቃ፣ በከንቱ ለፉ። ሰውዬውን ይዘነዋል።»

«ሻይህን በኋላ እጠጣለሁ። መጀመሪያ ክፍሉን አሳየኝ።»

ደርቭላ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭርና ደልዳላ ናት፤ ፀጉሯን በመስታወት ፊት ራሷ እንደምትቆርጠው ያስታውቃል። ሰው ሲያናግራት ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። ለምን ሲሏት፣ «አባቴ ቁማርተኛ ነበር። እጁን ካላየሁ ራት እንዳለንና እንደሌለን አላውቅም ነበር» ትላለች።

የክፍሉ በር ላይ በጌራቲ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ዛሬ ከወይዘሮ ፊኒ በቀር ቀጠሮ የለም።» ውስጡ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው በሩን ፊት ለፊት ያያል። ከተቆጣጣሪው ወንበር ጀርባ የብረት ምድጃ፣ ከጎኑ የከሰል ባልዲ አለ። መቆስቆሻው ብረት ባልዲው ውስጥ ተመልሷል፤ ጫፉ ላይ ፀጉር ተጣብቋል። ደሙ ጣሪያው ድረስ ተረጭቷል።

«ኮልማን፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥ።»

«የሟቹ ወንበር ላይ?»

«አይነክስህም። እንግዲህ እኔ ታይግ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አፍንጫህን ሰብሬዋለሁ። በበሩ ገባሁ። ምን ታደርጋለህ?»

«እነሳለኋ!»

«እሱ ግን አልተነሳም። ቁጭ ብሎ እየጻፈ ሳለ ገዳዩ ከጀርባው አለፈ፣ ከምድጃው ዘንድ ብረቱን አነሳ። ጌራቲ ከኋላው ሲንጎዳጎድ የማይደነግጥለት ሰው ነው የገደለው።» ተንበርክካ የምድጃውን በር ከፈተች። ብዙ የወረቀት አመድ አለ። በእጇ እያበጠረች፣ የለቀመችውን መሐረቧ ላይ ትደረድር ጀመር። «አሥራ ዘጠኝ የፋይል ማያያዣ ብረት። እና እነዚህ፣ ሁለት የነሐስ አዝራሮች።»

«ከጌራቲ ኮት?»

«የሱ ኮት አዝራሮቹ ሙሉ ናቸው። ስለዚህ አመድ ለሚስትህም እንዳትነግር።»

«ሚስቴ ሞታለች።»

«ይቅርታ። እንግዲያው ለማንም።»

እስር ቤት ውስጥ ታይግ ሩዋን ከንፈሩ ተተርትሮ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ተቀምጧል። ገና ሳትቀመጥ፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት። ጻፊና ሂጂ» አላት።

«በምን ገደልከው?»

የተተረተረ ከንፈሩን ላሰ። ቀጥሎ፣ «በመዶሻ።»

«የት አለ?»

«ባሕር ውስጥ።»

«ስንት ጊዜ መታኸው?»

«አንዴ። አንዴ ይበቃዋል።»

ደርቭላ እጆቹን አየች። መዳፎቹና ጉልበቶቹ በደረቀ ደም ተለስነዋል። እጅጌውና ደረቱ ላይ ግን ከገዛ ከንፈሩ ከተንጠባጠበው በቀር አንዲት ነጠብጣብ የለም። እንዲያ ጣሪያ የሚያለብስ ምት የመታ ሰው ንጹሕ ደረት አይኖረውም።

«ገብተህ ሞቶ አገኘኸው። ተንበርክከህ ልታነሳው ሞከርክ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ከዚያ በፊት ማን ከዚያ ክፍል ሲወጣ አየህ?»

ታይግ ብድግ ብሎ ወንበሩን ግድግዳው ላይ ሰባበረው። «እህቴን እንዳትነኪያት! ሰማሽ? ኮንሴፕታን የነካ ሰው አንገቱን ነው የምሰብረው!»

«የተሰበረው ነገር ለዛሬ ይበቃናል» አለችና ወጣች።

ኖሪን ላቬል አዳራሹ ደጃፍ ላይ ባልዲዋን ገልብጣ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አንዲት ልጅ አለቻት። መጥረጊያውን የያዘው ቀኝ እጇ ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው።

«ጠዋት ማንን አየሽ?»

«አቶ ጌራቲ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በቦርሳ ፋይል ተሸክሞ መጣ። ኮንሴፕታ ገባች፣ አራት ሰዓት ላይ ወጣች፤ እያለቀሰች። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑን ላጸዳ ሄድኩ። ስመለስ...»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«የዱርካን ፋብሪካ። ዓሣ የሚቀነጥሰው ማሽን ነው። አምና በዚህ ሰሞን አንድ ሰው ስሙን ሳይጽፍ ‹ወንድ ታስገባለች› ብሎ ጠቆመብኝ፤ ጌራቲ ድጎማዬን ሰረዘ። ልጄ ምን ትብላ? ፋብሪካ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጣቶቼ ሄሪንግ ከሚሉት ዓሣ ጋር ሄዱ። ዱርካን ‹ሦስት ጣት ለኔ ምን ያደርግልኛል› ብሎ አባረረኝ።»

«ጌራቲን ጠልተሽው ነበር?»

«ሻይው ውስጥ እተፋበት ነበር፤ በየሳምንቱ።» መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። «የዛሬ ሳምንት፣ አፍንጫው በተሰበረ ማግስት፣ እጄን አየና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ያ ወንድ ማን ነበር አለኝ። ወንድ ኖሮም አያውቅ አልኩት። ነጭ ሆነ፤ እንደ ግድግዳው። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ያባረራቸውን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቅ ነበር።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ጥቁር እጅጌ ሳያውቅ ይቀራል? ሁሉን ያውቃል።»

«ማነው ጥቁር እጅጌ?»

«ሄሽን፣ የቢሮው ጸሐፊ። ሸሚዙን ቀለም እንዳይነካው ጥቁር ጨርቅ ክንዱ ላይ ያጠልቃል፤ በጸሎት ሰዓት እንኳ አያወልቀውም። እናቴ ናት የሰፋችለት። እኛም ከእናቱ ሆድ ይዞት ነው የወጣው እንላለን።»

ዓርብ ጠዋት ደርቭላ ከአዳራሹ ማዶ ወዳለው የድጎማ ቢሮ ተሻገረች። ዩጂን ሄሽን ቀጭን፣ ፀጉሩን በውኃ የለጠፈ ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት። የሸሚዙ እጅጌ ነጭ ነው፤ በቀኝ እጁ አንጓ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈስሶበታል።

ግድግዳው ላይ ሰፊ ወረቀት ተሰቅሏል፤ ቀይ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል።

«ምንድነው ይሄ?»

ሄሽን ፊቱ በራ። «ድጎማ የሚቀበሉት እናቶች ቁጥር ነው። በአገሩ ሁሉ በየዓመቱ እየጨመረ ነው፤ ጋዜጣ ላይ አንብበውት ይሆናል። በባሊክራን ግን በሦስት ዓመት ከስልሳ አንድ ወደ ሠላሳ ስምንት ወርዷል። ከደብሊን የምስጋና ደብዳቤ መጥቶልናል።»

«ሴቶቹ የት ሄዱ?»

«ከዝርዝሩ ወጡ።»

«ከዝርዝሩ ወጥተው የት ገቡ?»

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም እመቤቴ። ሁለቱ አገቡ፣ ሁለቱ እንግሊዝ ሄዱ። የቀሩት ላይ ጥቆማ መጣ፤ አቶ ጌራቲም ሰረዛቸው። ጨካኝ ነበር፤ ሟች አይወቀስም እንጂ።»

«ጥቆማዎቹን ማየት እችላለሁ?»

«በየፋይላቸው ውስጥ ናቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ። ቁልፉ አቶ ጌራቲ ጋ ነበር። እኔ ከረቡዕ ወዲህ አልከፈትኩትም።»

«ሐሙስ ጠዋት አዩት?»

«በጭራሽ። የወሩን ቁጥር ስጽፍ ነበር፤ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

ደርቭላ ቀዩን መስመር ጠጋ ብላ አየችው። መስመሩ እንደ ቁልቁለት አይደለም የሚወርደው፤ እንደ ደረጃ ነው። ወራት ሙሉ ቀጥ ብሎ ይሄድና በድንገት ይሰበራል። ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። ሦስቱም ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ነው።

ከሰዓት በፊት ኮንሴፕታ ፊኒ ቤት ሄደች። ኮንሴፕታ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ለንደን ከሄደ አራት ዓመቱ፣ ደብዳቤ ከላከ ደግሞ ሦስት። ሦስት ልጆቿ አንድ ሰሃን ድንች ከበው ይሻማሉ። መርማሪዋን ስታይ ፊቷ ተቀያየረ።

«ወንድሜን ልቀቁት! እኔ ነኝ የገደልኩት!»

«ደግሞ አንቺ?» ደርቭላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከትናንት ጀምሮ ሁለት ነፍሰ ገዳይ አገኘሁ፤ የመጀመሪያው መሣሪያውን እንኳ አያውቀው። ስሚኝ እህቴ። ወንድምሽ አንቺን ገዳይ ናት ብሎ ፈርቶ ነው የሚዋሸው። አንቺም እሱን ፈርተሽ። ሁለታችሁም አልነካችሁትም። ጌራቲ ምን አለሽ?»

ኮንሴፕታ አልጋው ጫፍ ላይ ተዘረጠጠች። «ይቅርታ ጠየቀኝ። ያ ሰው! ‹በርሽ ላይ የወንድ ጫማ አለ ተብሎ ተጻፈልኝ፣ ወንድምሽ መጥቶ የኔ ጫማ ነው ብሎ አፍንጫዬን ሰበረው፤ ሐቁን ነው› አለኝ። ድጎማሽ አይነካም፣ ሌሎቹንም እመልሳለሁ አለ። ከዚያ ደብዳቤውን ሰጠኝ፤ ‹ወስደሽ ተመልከችው፣ የየትኛው ጎረቤትሽ ጽሑፍ እንደሆነ ንገሪኝ› ብሎ። እናንተ ብታገኙት ምክንያት ነበራት ትላላችሁ ብዬ ደበቅኩት።»

ከፍራሹ ሥር አወጣችው። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው፤ «ማርጋሬት ፊኒ ቤት ወንድ ያድራል። ጫማው በር ላይ ነው። የሚቆረቆር ጎረቤት።»

«ማርጋሬት ማናት?»

ኮንሴፕታ በንዴትና በሳቅ መካከል ሆነች። «እሱን ራሴም ረስቼው ነበር! በክርስትና መዝገብ ላይ ቄሱ ሰክረው የሞተች አክስቴን ስም ጻፉብኝ። የድጎማ ማመልከቻ ስሞላ ወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል ነው የጻፍኩት። በሕይወቴ አንድ ሰው ማርጋሬት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ደርቭላ ደብዳቤውን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ከዚያ ወደ ወደቡ ወረደች።

ፊንታን ዱርካን ዓሣ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ሠራተኞቹን ይሰድባል። ወገቡ ላይ የዓሣ መሰንጠቂያ ቢላ አንጠልጥሏል፤ ባለጸጋ ቢሆንም ከሥራ ያልራቀ ሰው መምሰል ይወዳል። ከኋላው ረጅም ገበታ ዙሪያ ሴቶች ቆመው የሄሪንግ ሆድ ይሰነጥቃሉ፤ እጃቸው እስከ ክርን ደም ነው።

«ወቅቱ ገባ አይደል?»

«ሰኞ ይጀመራል። ስድስት ሳምንት እንቅልፍ የለም።»

«ሠራተኛ ከየት ያገኛሉ? በዚህ ደመወዝ ማን ይመጣል?»

«ሲቸግራቸው ይመጣሉ።»

«በየነሐሴው መጨረሻ ይቸግራቸዋል?»

የዱርካን እጅ ቢላው እጀታ ላይ ሄዶ ተመለሰ። «ሴትዮ፣ ነፍሰ ገዳይ ከፈለግሽ እስር ቤት ነው ያለው። ሥራዬን ልሥራበት።»

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደርቭላ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኮንሴፕታና ኖሪን ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ታይግ በሳጅኑ አጠገብ፣ እጁ ሳይታሰር። ሄሽን ከኋላ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ዱርካን አጠገቡ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ እንደ መጣ ከነሥራ ልብሱ።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች። «ጌራቲ ከኋላ ነው የተመታው። ከጀርባው እንዲያልፍ የፈቀደለት ሰው፣ ወይም ጨርሶ ልብ የማይለው ሰው ነው የገደለው። ታይግ ቢሆን ገና በበሩ ሲገባ ይነሳበት ነበር።»

«ተነስቶም አይተርፍም ነበር» አለ ታይግ።

«ዝም በል፣ ልፈታህ እየሞከርኩ ነው። ሁለተኛ፣ ገዳዩ ወረቀት አቃጥሏል። የምን ወረቀት? ያን ጠዋት ጌራቲ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት የተሰረዙ እናቶች ፋይሎች ናቸው። ተበድለው እንደተሰረዙ ደርሶበት ነበር። በየነሐሴው መጨረሻ፣ ፋብሪካው ሰው በሚፈልግበት ሳምንት፣ ስም የሌለው ጥቆማ ይመጣል። እሱ ያምናል፣ ይሰርዛል። ሴቶቹ ሰኞ ዱርካን በር ላይ ይሰለፋሉ። ቀዩ መስመር የወረደው እናቶች ኑሮ ስለሞላላቸው አይደለም፤ ሄሪንግ ስለመጣ ነው።»

ኖሪን ወደ ዱርካን ዞረች። እሱ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ጥቆማውን ማን ጻፈ? ይሄ የተረፈው አንዱ ነው። ‹ማርጋሬት ፊኒ› ይላል። ጎረቤት ነው የጻፈው እንበል። በዚህ ከተማ ማርጋሬት የሚላት ጎረቤት አለ?»

«ኮንሴፕታን?» አለ ሳጅኑ። «እኔ ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ፤ ማርጋሬት መሆኗን ዛሬ ሰማሁ።»

«ከድሮው የክርስትና መዝገብ በቀር ስሙ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ድጎማ ቢሮው ውስጥ፣ ማመልከቻዋ ላይ። ያን የሚያዩ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል።»

ሁሉም ወደ ኋላ ዞሩ። ሄሽን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እመቤቴ፣ አንድ ደብዳቤ ይዘው... አቶ ጌራቲ ራሱ ጽፎት ቢሆንስ? ሰውዬው ክፉ ነበር።»

«ራሱ ጽፎ፣ የማን ጽሑፍ ነው ብሎ ራሱ ይጠይቃታል? አይደለም። ሐሙስ ዕለት አንዳንዶቹን ሴቶች ሊመልስ ነበር...»

«አንዳንዶቹን!» ሄሽን ከወንበሩ ተነሳ። «አሥራ ዘጠኙንም በአንድ ጠዋት ሊመልስ! የሦስት ዓመት ልፋት! ደብሊን ምን ይለናል?»

ደርቭላ መሐረቧን ከኪሷ አወጣች።

«አሥራ ዘጠኙንም መሆኑን ማን ነገረዎት?» አለች ደርቭላ በቀስታ። «ሐሙስ አላየሁትም ብለዋል። ሳጥኑን አልከፈትኩም ብለዋል። ለኮንሴፕታም ቁጥሩን አልነገራትም። እኔ ያወቅኩት ከአመዱ ውስጥ ማያያዣዎቹን ለቅሜ ነው። እርስዎስ?»

«እኔ... ገመትኩ።»

«ትናንት እጅጌዎ ላይ ያየሁትን ቀለምም እንገምት? በጸሎት ሰዓት እንኳ የማያወልቁት ጥቁር ጨርቅ ሐሙስ የት ሄደ? ደም ነካው፤ ከፋይሎቹ ጋር ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ደም የነካውን ሸሚዝዎን ለወጡት፤ ተመልሰው ያለ ጨርቁ ሲጽፉ ግን አዲሱ ላይ ቀለም ፈሰሰ። ጨርቅ ይቃጠላል፤ ነሐስ ግን አይቃጠልም። ኖሪን፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ?»

ኖሪን ሁለቱን አዝራሮች በሦስት ጣቷ ተቀበለች። ጥቀርሻውን በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ ትንሽ መልህቅ ወጣ።

«የአባቴ ናቸው» አለች። «ከመርከበኛ ኮቱ። ሲሞት እናቴ ፈታ አስቀመጠቻቸው፤ ለጥቁር እጅጌ ስትሰፋለት ሌላ አዝራር አጥታ እነዚህን ተከለችለት።»

ሄሽን ኮቱን በጣቶቹ ጨምድዶ ያዘ። ሲናገር ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ነበር። «ሃያ ሁለት ዓመት! ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ስጽፍለት አንድ ቀን ደህና አደርክ ብሎኝ አያውቅም። ያን መስመር ያወረድኩት እኔ ነኝ! እኔ! ምስጋናው በሱ ስም መጣ፤ እሺ አልኩ። ሐሙስ ፋይሎቹ ጠፍተው ሳገኝ ተሻግሬ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ደብዳቤዎቹን ለፖሊስ እሰጣለሁ ዩጂን፤ ምድጃው ሊጠፋ ነው፣ ከሰል ጨምርበት› አለኝ። ከሰል ጨምርበት!»

«አንተ ደደብ፣ አፍህን ዝጋ!» አለ ዱርካን።

የሄሽን ዓይን ወደ ሰውዬው ወገብ ዞረ። ማንም ሳይንቀሳቀስ ቢላውን ከአፎቱ መዘዘና ዱርካንን ከጆሮው ሥር እስከ አፉ ሰነጠቀው። ዱርካን እንደ ታረደ ከብት እያጓራ ከነወንበሩ ወደቀ። ሄሽን ሊደግመው ሲሰነዝር ታይግ ሁለት አግዳሚ ወንበር ዘሎ ደረሰ። አንጓውን ይዞ ጉልበቱ ላይ ሰበረው፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ቢላው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ፤ ኮንሴፕታ በጫማዋ ረገጠችው። ታይግ ግን አላቆመም። የሄሽንን ራስ ከወለሉ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ አጋጨው።

«ታይግ!» እህቱ ጮኸች። «ታይግ፣ በቃ! ለልጆቼ አንተ ብቻ ነህ ያለኸኝ!»

እጁን አነሳ። ሳጅኑ ሰንሰለቱን ሲያስር ሄሽን አፉ ደም ሞልቶ ያጉረመርም ነበር፤ «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት» እያለ።

ሄሽን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ዱርካን ለሄሽን በእያንዳንዷ ሴት ስም ገንዘብ ያለበት ፖስታ ሲሰጠው እንደነበር በተሰፋ አፉ አመነ፤ ሦስት ዓመት ገባ፣ ፋብሪካውም ተሸጠ። አሥራ ዘጠኙ እናቶች እስከ ገና ድረስ ተራ በተራ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። ለኖሪን ጣቶች ግን ማንም የሚመልሰው ነገር አልተገኘም።

ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ሰኞ ዕለት የጌራቲ ቀብር ነበር። ሚስት አልነበረውም፤ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት አሮጊት እህቱ ብቻ ከሳጥኑ ኋላ ቆማለች። ሳጥን የሚሸከም ስድስት ሰው ያስፈልጋል። የተገኙት ሁለቱ የቀብር ሠራተኞችና ሳጅን ጊልቫሪ ናቸው። የከተማው ሰው ከመንገዱ ማዶ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ያያል። ደርቭላ ኮቷን አውልቃ ለአሮጊቷ አለበሰቻትና አራተኛ ሆና ቆመች።

ሁለት ይቀራል። ታይግ መሬት መሬት እያየ መጣ። «አፍንጫውን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ትከሻውንም ከሳጥኑ በታች አስገባ።

ኖሪን መንገዱን ስትሻገር ከተሰረዙት እናቶች አንዷ ክንዷን ያዘቻት። «አብደሻል ልጄ? ልጅሽን ዓመት ሙሉ ያስራበ ሰው ነው!»

«አውቃለሁ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ?»

«ሊመልሰኝ እየጻፈ የሞተውም እሱ ነው። ሁለቱንም ልሸከም።»

ሴትዮዋ መሬት ላይ ተፍታ ሄደች። ኖሪን ሳጥኑ ሥር ገባች፤ ክብደቱ መጀመሪያ አንገዳገዳት፣ ከዚያ እርምጃዋን ከሌሎቹ ጋር አስተካከለች። ስድስቱ ዳገቱን ሲጀምሩ ኮንሴፕታ ልጆቿን አስከትላ ከኋላ ተከተለች።